አርባ ደቂቃ በጋሼ ማርሽ ክፍል

«ዝጊው! ዝጊው እኮ ነው የምልሽ አንቺ ልጅ! በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አልጋዬ፣ በገዛ እግሬ ላይ ንፋስ ትለቂብኛለሽ? ይሄ የሰው እግር ነው፣ የሱቅ በር አይደለም ወለል አድርገሽ የምትከፍችው!»

እንዲህ ናቸው ጋሼ ማርሽ። የሳቸውን ድምፅ ማውጣት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ጉሮሮውን ጠጠር የሞላበት ያስመስል፣ አገጩን ደረቱ ላይ ይለጥፍ፣ ከዚያ በየሦስት ቃሉ መሀል አንዴ ይሳል። ሳል ስላችሁ ደግሞ ዝም ብሎ እህ እህ አይደለም። ከታች ይጀምራል፣ ያጉረመርማል፣ ትንሽ ያርፋል፣ ከዚያ እንደገና ከፍ ብሎ ይነሳል፤ አሮጌ የጭነት መኪና ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀይር ቁርጥ እሱን። የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው እንጃ። እኔን እንዳታዩኝ።

«ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» ትላለች ሲስተር። «ጢሱ ይውጣ፣ ከዚያ እዘጋዋለሁ፣ ከዚያ ፋሻውን እፈታለሁ።»

«ጢሱ ምን አደረገሽ? ዝም ብሎ በራሱ መንገድ ነው የሚሄደው፤ አንቺ ነሽ የምትነካኪው!»

«እንግዲያው ሲጋራውን ያጥፉታ።»

«አጥፍቼማ እግሬን አላስነካሽም! እንካ ቅመስ ስትይኝ የሚያስችለኝ እሱ ነው!»

መስኮቱን በመጨረሻ ማን ይዘጋዋል? ሲስተር። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ፣ ይሄው ጭቅጭቅ ይነሳል፤ በሳምንት ሦስት ቀን መስኮቱን የምትዘጋው እሷው ራሷ ናት። ስለተሸነፈች ብቻ ደግሞ አይደለም። ነገሩ ወዲህ ነው።

ሲስተር የወንድሜ ሚስት ናት። ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ይላታል፣ ወንድሜም ሲስተር ይላታል፣ አሁን አሁንማ እናቷም ጀምራለች። ነርስ ናት፤ ግን ሆስፒታል ውስጥ ነጭ ለብሰው በኮሪደር ከሚንሸራተቱት አይደለችም። የሷ ሆስፒታል የሰው ቤት ነው። ከአልጋ መውረድ የማይችሉ በሽተኞች ቤት እየዞረች ቁስል ታጥባለች። ትከሻዋ ላይ ቦርሳ፣ ቦርሳው ውስጥ ጓንት፣ ጎዝ የሚሉት ስስ የቁስል ጨርቅ፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ መቆንጠጫ፣ በጠርሙስ የጨው ውሃ። በቀን ስድስት ቤት። ከስድስቱ በአራቱ ይጨሳል። አንዱ ቤትማ ባልም ሚስትም አማትም ያጨሳሉ፤ ድመቷ ብቻ ናት የቀረች፣ እሷም ታስላለች።

እኔ ድሮ ቁስል ማጠብ ማለት ጨርቅ አርጥቦ ጠረግ ጠረግ ማድረግ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ቁስሉ አንዴ ከተከፈተ ክፍሉ ይዘጋል። አቧራ እንዳይገባ፣ ዝንብ እንዳይገባ፣ በርም መስኮትም ይዘጋል። የጋሼ ማርሽ መስኮት ደግሞ ከሥሩ የአውቶቡስ ማዞሪያ ነው፤ ከፈትሽው ማለት መንገዱን ጠቅልለሽ ቁስሉ ላይ ደፋሽው ማለት ነው። ስለዚህ ፋሻው ከተፈታበት ደቂቃ ተመልሶ እስኪታሰር፣ አርባ ደቂቃ፣ ሁለት ሰው አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ ይቆያል። አንዱ ያጨሳል፣ አንዷ ትተነፍሳለች። ይሄን ያዘዘው ሲጋራ ፋብሪካ አይደለም። የነርሶች ደንብ ነው።

ቁስሉ ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ ብሎ ነው፣ መዳፍ ያህላል። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ወይ ፍንክች። ለምን አይድንም? ሲጋራው የእግራቸውን ደም ስር ስላጠበበው። ለምን ያጨሳሉ? ቁስሉ ስለሚያማቸው። ሲስተር ለምን ትመላለሳለች? ቁስሉ ስላልዳነ። ይሄን በጣቴ እየቆጠርኩ ለወንድሜ ባስረዳው፣ «ተይ እባክሽ፣ ራሴን አታዙሪው» ብሎኝ ጫማውን አድርጎ ወጣ።

ጉዱ ግን ቁስላቸው ሲታጠብ ማጨስን ማን እንዳስለመዳቸው ነው። እሷ ናት! አዎ፣ የኛዋ!

ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በፊት መጀመሪያ የሄደች ቀን፣ ከሷ በፊት የነበረችው ነርስ ለቃ ሰውዬው ሳምንት ሙሉ ማንም ሳያያቸው ከርመዋል። ጎዙ ከሥጋው ጋር ተጣብቆ አንድ ሆኗል። ሲስተር የጨው ውሃውን ታፈሳለች፣ ትጠብቃለች፣ ጫፉን ያዝ ስታደርግ ሰውዬው «እናቴን!» ብለው በደህናው እግራቸው ሳህኑን ግድግዳ ድረስ ይጠልዙታል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አልጋውም እሷም በጨው ውሃ ራሱ። ኋላ ላይ እንደ ልጅ ተለማመጧት። «አፈር ስሆንልሽ፣ አንድ ሲጋራ አፌ ላይ አድርጊልኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ራሴ አልችልም። አንድ ብቻ ካደረግሽልኝ እንደ ድንጋይ ነው የምሆንልሽ።»

አደረገችላቸው። ለኮሰችላቸው። እውነትም ድንጋይ ሆኑ። ጎዙን ከሥር ከሥሩ እያረጠበች ልጣጭ እንደሚላጥ አነሳችው።

ያን ቀን ቤት ስትገባ ፊቷ በርቶ ነበር። «ዘዴ አገኘሁላቸው!» አለችን። እኛም ጎበዝ አልን። ወንድሜማ «የኔ ሚስት እኮ አንበሳ ነው የምታላምደው» እያለ ለጎረቤት ሁሉ አወራ። እንግዲህ ያ ዘዴ ነው ዛሬ ደረቷ ላይ ቁጭ ያለው።

መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሳል ነበረች፣ ወጥ ቤት ስትገባ ብቅ የምትል። ወንድሜ አፍንጫው የአደን ውሻ ነው፤ ፀጉሯን ያሸትና «ሲስተር፣ ተደብቀሽ ጀመርሽ እንዴ?» ይላታል፣ እንስቃለን። ኮቷን ደጅ ገመድ ላይ ማስጣት ጀመረ። ከዚያ ሳሉ ወጥ ቤቱን ለቆ ሳሎን ገባ። ከዚያ ሁለት ፎቅ ወጥታ እንደ አሮጊት የደረጃውን መደገፊያ መያዝ መጣ። ከዚያ ጋደም ስትል ትንፋሽ እያጠራት፣ ሦስት ትራስ ተደግፋ ቁጭ እንዳለች መተኛት። ያኔ ሳቁ ቀረ።

ሐኪም ዘንድ አብሬያት ገባሁ። ሐኪሙ በአፍንጫው የሚያወራ፣ ከወረቀቱ ቀና የማይል ዓይነት ነው።

«በቀን ስንት?» አላት።

«ስንት ምን?»

«ሲጋራ።»

«አላጨስም።»

«እሺ፣ ድሮ ስንት ነበር?»

«ዶክተር፣ በሕይወቴ አንድም አጭሼ አላውቅም።»

«ባለቤትሽስ?»

«እሱም።»

አሁን ቀና አለ። «ሲስተር፣ አንቺ እኮ የሙያ ሰው ነሽ። የሙያ ሰው ለሐኪም ይዋሻል?»

እኔ ልናገር ስል በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና ቤቶቹን አንድ በአንድ ነገረችው፤ አራቱን ቤት፣ መስኮቱን፣ አርባ ደቂቃውን። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ፊቱ ትንሽ አፈረ መሰለኝ። «የአየር ቧንቧሽ ተጎድቷል» አላት ቀስ ብሎ። «የሄደው አይመለስም። ከጢስ ካልራቅሽ ግን የቀረውም ይሄዳል። እየቀለድኩ አይደለም። በዚሁ ከቀጠልሽ ደረጃ መውጣት አይደለም፣ ፀጉርሽን ማበጠር ያደክምሻል።» ጢስ ካለበት ሥራ ትራቅ የሚል ወረቀት ጽፎ ማኅተም አደረገበት።

ወረቀቱን ይዛ የነርሶቹ ኃላፊ ዘንድ ሄደች። ይቺ ኃላፊ ማር ናት፤ ምላስዋን ብትልሱት ስኳር ያስይዛችኋል። ልትወጋሽ ስትል «የኔ ቆንጆ» ትላለች።

«የኔ ቆንጆ፣ የሥራ ቦታ ማለት እኮ ይሄ ቢሮ ነው። ቢሮ ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው፣ ያው በሩ ላይ ለጥፈናል። የደንበኛ ቤት ግን የደንበኛ ቤት ነው። አንድን አዛውንት በገዛ መኝታ ቤታቸው አያጭሱ ልበላቸው? አንቺ ብትሆኚ ትያቸዋለሽ?»

«የቤት ሁኔታ ቅጹ ላይ አራት ጊዜ ጽፌያለሁ።»

ቅጹን አየሁት እኔም። ውሻ አለ ወይ? ደረጃው ስንት ነው? ውሃ አለ ወይ? የሚሳደብ ሰው አለ ወይ? ከታች «ሌላ ካለ ይገለጽ» የምትል አንዲት መስመር አለች። ሲስተር በሚያምር ጽሕፈቷ እዚያች መስመር ላይ «ጢስ» ብላለች። አራት ጊዜ።

«ውይ!» አለች ኃላፊዋ ደረቷን ይዛ። «እኔ እኮ የምድጃ መስሎኝ!»

ቢሆንም ማኅተም ማኅተም ነው። ወረቀቱን ደጋግማ አየችና፣ ለጊዜው ጋሼ ማርሽን ለሌላ ነርስ አስተላልፍልሻለሁ፣ ሌሎቹን ቤቶች ደግሞ ቀስ እያልን እናያለን አለቻት። ከአራቱ የጋሼ ክፍል ነበር ክፉው፤ ሌሎቹ ቢያንስ ሰፊ ናቸው፣ አንዱ ቤት ቤተሰቡ በረንዳ ወጥቶ ያጨስላታል። ሲስተር እየበረረች መጣች። እኔ የውሃ ብርጭቆዬን አንስቼ «ለመስኮቱ!» አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ቤታችን ሠርግ መሰለ።

በሦስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። እዚያው መሥሪያ ቤት ያለች ልጅ ናት፣ ሲስተር ራሷ ሥራ ያስለመደቻት። ጠይም፣ ሳቂታ፣ ሆዷ ወደፊት ገፍቷል። ስድስት ወሯ ነው።

«ሲስተርዬ፣ የጋሼን ቤት ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ለኔ ደረሱኝ። ደረጃው ብዙ ነው እንዴ? መቼስ አንዳንዴ ይቆጣሉ ግን ልባቸው ጥሩ ነው ይላሉ፣ እውነት ነው?» ትላለች፣ እጇ ሆዷ ላይ ነው፣ እንደ እርጉዞች ሁሉ ሳታስበው ታሸዋለች።

ሲስተር የልጅቷን ሆድ አየች። እኔ በዓይኔ «ንገሪያት!» እላታለሁ። ብትነግራትስ? ልጅቷ ገና የሙከራ ጊዜዋ ነው፣ እምቢ ብትል ሌላ ቤት የሚሰጣት የለም።

«ደረጃው አራት ፎቅ ነው» አለች ሲስተር መጨረሻ ላይ። «ለአሁኑ ግን አትሂጂ። ነገ ቢሮ ሄጄ አስተካክለዋለሁ።»

በማግስቱ ሄዳ የሐኪሙን ወረቀት መልሳ ወሰደች፣ ጋሼንም ራሷ ተረከበች። ኃላፊዋ «አየሽ የኔ ቆንጆ፣ ለምደሻቸው ነው እኮ! በሽተኛ ሲለመድ እንደ አባት ነው» አለቻት።

ሲስተር ቤት ስትገባ ጮህኩባት። ያልኳት ሁሉ አይጻፍም። «ከመቼ ወዲህ ነው የሰው ሳንባ ያንቺ ጉዳይ የሆነው? የራስሽን ማን አየልሽ?» አልኳት። ወንድሜ ሥራውን ተዪው አላት፤ «ስድስቱን ቁስል ማን ያጥበዋል? ያቺው ልጅ ናት የምትሄደው» አለችው። ሁለት ማስክ ደርባ እንድታደርግ አደረግኋት። ማስክ ለጢስ ምኑ ነው? ጢስ እንደ ዘመድ ነው፣ ሳያንኳኳ ይገባል። ደግሞ በሁለት ማስክ ትንፋሽ እያጠራት ደረጃው ላይ ልትወድቅ ነበር።

የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ ሰውዬውን ራሳቸውን መለመን። እሱን ደግሞ ፈራችው። በሽተኛ ላይ የራስን በሽታ አይጭኑም ትላለች፣ እንዲህ ነው የተማርነው። «የማይገባሽ ያልተማርሽ ስለሆንሽ ነው» አለችኝ፣ እውነቷን ነው። ግን ትናንት ረቡዕ ቦርሳዋን ነጥቄ ተሸከምኩና አብሬያት ሄድኩ፣ እምቢ እንዳትል።

አራት ፎቅ። በየማረፊያው ቆመች። አንዴ የጫማ ክሯን ታስራለች፣ አንዴ ስልኳን ታያለች፣ አንዴ «ይሄ ግድግዳ ቀለም ተቀብቷል መሰለኝ» ትላለች። ግድግዳው ከተቀባ ሃያ ዓመቱ ነው።

የጋሼ ማርሽ ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ቁምሳጥን፣ አንድ ወንበር፣ አለቀ። ጣሪያው ሻይ የተደፋበት ይመስላል። ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ተነስቶበት አራት ማዕዘን ነጭ ቦታ ቀርቷል፣ ክፍሉ መጀመሪያ ምን ቀለም እንደነበር የሚመሰክር እሱ ብቻ ነው። መጋረጃው በጢስ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። መተርኮሻቸው ከድሮ መኪናቸው የወጣ ፒስተን ነው፤ ሞልቶ ጢም ብሏል። ራስጌያቸው የሚስታቸው ፎቶ አለ።

«አንቺ ደሞ ማነሽ?» አሉኝ።

«የባሏ እህት ነኝ።»

«ወሬኛዋ! ነግራኛለች።»

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ «ባለቤትዎ የት ናቸው?» አልኩ።

«ሞተች፣ ነፍሷን ይማረው። አርባ ዓመት አብራኝ ስትኖር አንድ ቀን በጢሱ አላማረረችም።»

«ምን አመማቸው?»

«ሳንባዋን። ከእናቷ ወርሳው ነው» አሉና ሲጋራ አቀጣጠሉ።

ሲስተርን አየኋት። ሲስተር ወለሉን አየች። ከዚያ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ቦርሳውን እንኳ ሳትከፍት ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

«ጋሼ፣ ደረቴን አሞኛል» አለች። «ሐኪም ከጢስ ካልራቅሽ ትንፋሽሽ ያልቃል ብሎኛል። ይተዉት አልልዎትም። እኔ እዚህ ባለሁባት አርባ ደቂቃ ብቻ።»

ሰውዬው ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ። ሲጋራውን ፒስተኑ ላይ ደፈጠጡት። ዓይናቸው ቀላ።

«ለምን አልነገርሽኝም? ይሄን ሁሉ ጊዜ? አውሬ ነኝ እኔ? መስኮቱን ስትከፍች እኮ ሽታውን የጠላሽ መስሎኝ ነው የምጮኸው! በሚስቴ ነፍስ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ እዚህ እያለሽ ክብሪት አይጫርም።» ፓኮውንና ላይተሩን ወደኔ ዘረጉ። «እንኪ፣ ወሬኛዋ። ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።»

ኪሴ ከተትኩት። መስኮቱን ከፈትን፣ ጢሱ ወጣ፣ መልሰን ዘጋነው። ሲስተር ስትስቅ አየኋት፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። ጓንቷን አጠለቀች፣ ፋሻውን ፈታች።

ጋሼ ማርሽ ቃላቸውን ጠበቁ። እኔ ምስክር ነኝ። የአልጋውን ብረት በሁለት እጃቸው ጨበጡ። በአምስተኛው ደቂቃ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ጎዙ እንደ ሁልጊዜው ተጣብቋል፤ ሲስተር ታረጥባለች፣ ትጠብቃለች፣ ታነሳለች። በአሥረኛው ደቂቃ እግሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከጉልበት ጀምሮ፣ ራሱን የቻለ ሌላ ሰው ይመስል። የትራሱን ጫፍ ነክሰዋል። «ቀጥይ» ይላሉ በጥርሳቸው መሀል፣ «ቀጥይ፣ ቃሌን አልበላም።» እንባቸው ጆሯቸው ውስጥ ይገባል። እግሩ አንዴ ዘሎ መቆንጠጫው ላይ አረፈ። ደማ። ሲስተር በጎዝ ጫነችው፣ እግሩ እንደገና ዘለለ፣ ጎዙ ወለል ላይ ወደቀ፣ ሌላ አወጣች፣ ዘለለ።

«አውጪው» አለችኝ ሳትዞር።

«ምኑን?»

«ሲጋራውን።»

«አላወጣም! ምን ነክቶሻል?»

«ደሙ አልቆም አለኝ እኮ! እግሩን ማስቆም አለብኝ፣ አውጪው ነው የምልሽ!»

«አይሆንም ሲስተር፣ አይሆንም፣ እችለዋለሁ» ይላሉ እሳቸው፣ አፋቸው ግን ቀድሞ ተከፍቷል።

አወጣሁ። ላይተሩን ሁለቴ ብጫነውም አልበራልኝም። እሷ አንድ ጓንቷን አውልቃ ከእጄ ወሰደችው፣ አንድ ሲጋራ ከንፈራቸው መሀል አደረገች፣ ለኮሰች። ሁለቴ ሳቡ። እግሩ ቆመ። ድንጋይ።

አዲስ ጓንት አጠለቀችና አጎነበሰች። ሠላሳ ደቂቃ ያህል አጎነበሰች። ጋሼ ማርሽ ጢሱን ወደሷ እንዳይሄድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው የሚያወጡት፣ ምስኪን። ጢሱ ግድግዳውን ይመታና ተመልሶ በትከሻቸው ላይ ቀስ ብሎ ወደሷ ይመጣል። ክፍሉ ይሄው ነው፣ ወዴት ይሂድ? እኔ በእጄ አራግብ ነበር። ዝንብ የማባርር ይመስል።

ስንወርድ ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ማሳል ጀመረች። ማርሽ የሚቀይር መኪና ብዬ የሳቅሁበትን ሳል፣ ከታች የሚጀምረውን፣ አሁን ከሷ ደረት ሰማሁት። ሲያበቃ ቀና ብላ አየችኝ።

«በይ እስቲ፣ አንቺ ሁሉን የምታውቂው፣ ምን ላድርግ?»

ለሁሉ ነገር መልስ አለኝ እኔ። ጎረቤት ባሏ ሲሄድባት መልስ አለኝ፣ ዳቦ ቤቱ ዳቦውን ሲያሳንስ መልስ አለኝ። ያኔ ግን ቦርሳውን አንስቼ ተሸከምኩ።

አሁን ይሄን የምጽፈው እዚሁ ቤት፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። እሷ ሶፋው ላይ ትራሷን ተደግፋለች።

«ምን ትጽፊያለሽ?» አለችኝ።

«ስላንቺ።»

«ውይ! እስቲ አንብቢው።»

ከላይ ጀምሬ አነበብኩላት፣ በጋሼ ድምፅ፣ በኃላፊዋ ድምፅ፣ በሐኪሙ አፍንጫ። ሳቀች። «የምድጃ መስሎኝ» የሚለው ላይ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ሳል ሆነ፣ ሳሉም አልቆም አለ። ወንድሜ ከጓዳ ውሃ ይዞ ሮጠ። እኔ ጀርባዋን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ከመዳፌ ሥር አጥንቷ ይርገበገባል።

ትንሽ ሲተዋት እጇን አንስታ እስክሪብቶዬን ያዘችው።

«በቃ፣ አትጻፊ» አለችኝ። «ነገ አርብ ነው። ለጋሼ የሚሆን ትንፋሽ ተይልኝ።»